ሦስተኛው ሰልፍ

«እግሩን ብቻ። ሦስት ወር የማያስቆመው ይሁን እንጂ ሌላ ቦታ እንዳትነኩት።»

ሰርኬ ይህን የሰማችው ፊቷን ልትታጠብ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ባለችበት ነው። በእሷና በተናጋሪው መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። ድምፁ የታላቅ ወንድሟ የባየልኝ ነው፤ አልተቆጣም፣ አልቸኮለም፣ ለትራክተር ነጂ የቀኑን ሥራ እንደሚያዝ ሰው ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። ፈረደ፣ የግቢው ጠባቂ፣ «ቢጮህስ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ። «ይጩሃ! ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የሚጮህ ሰው ብርቅ ነው እንዴ?» አለ ባየልኝ፤ ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው የባየልኝ ሚስት ጥሩአየሁ ሻይ ቀርቧል ብላ ተጣራች፤ ባየልኝም ገብቶ ሻዩን ጠጣ። ሰርኬ ስኳሩን ሲያማስል የማንኪያውን ድምፅ ሳይቀር ሰማች። ሰው የሰው እግር እንዲሰበር አዝዞ ስኳሩን እንዲህ በእርጋታ ማማሰል ከየት ያመጣል? ይህን ቁጭ ብላ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አልነበራትም። እግሩ የማን እንደሆነ ስም ሳይጠራ ገብቷታል። በዚህ ግቢ ከሐሙስ ወዲህ የሚወራው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ሽኩር።

ዛሬ ቅዳሜ የሰሊጥ አምራቾች ኅብረት ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል። ፕሬዚዳንት የሚለው ስም ለአንድ መጋዘን፣ ለአንድ ሚዛንና ለአሥራ አራት ጠመንጃ ያዥ ሲሆን ይበዛል የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው በመተማ ቆላ ሰሊጥ ጭኖ የማያውቅ ነው። ከእርሻ እስከ ገንዳ ውሃ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ ጎንደር ሰሊጡም ሰውም የሚያልፈው በእነዚያ አሥራ አራት ጠመንጃዎች እጀባ ነው። መንገድ ላይ ሰው የሚያግቱትን ሰዎች ማንም በስም አይጠራቸውም፤ ከኋላ የቀረችውን መኪና ወይም ትራክተር እንደሚወዱ ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ማን ከፊት፣ ማን ከመሐል፣ ማን ከኋላ እንደሚሄድ ተራውን የሚያወጣው ፕሬዚዳንቱ ነው። አምና በኅዳር የሰርኬ ባል ጌጡ ከኋላ ነበር። በአራተኛው ቀን አስከሬኑን አምጥተው ሰጧት። ተራውን ያወጣው፣ ያኔም ዛሬም ፕሬዚዳንት የሆነው ባየልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም በአንድ ግቢ ይኖራሉ፣ ከአንድ መሶብ ይበላሉ፣ ስለዚያ ተራ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ሰርኬ ለፕሬዚዳንትነት የቆመችውም ባየልኝ ቁሚ ስላላት ነበር። የባየልኝ ተፎካካሪ አዛናው የሚባለው ነው፤ ትንንሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች የሚከተሉት፣ ለስላሳ ምላስ ያለው ሰው። ባየልኝ አሰበና መበለት ስትቆም መበለቶች ይከተሏታል፣ ከአዛናው ላይ ሰባ ሰማንያ ሰው ትቀንስልኛለች አለ። ደንቡ እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት ከምክትሉ ጋር ይወዳደራል ስለሚል ምክትል አስፈለጋት፤ የራሱን የእርሻ ሠራተኞች ወኪል ሽኩርን ሰጣት። ሽኩር ወሎዬ ነው፤ በየዓመቱ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች የሚያሰማራ፣ የሚያስታርቅ፣ ሲታመሙ የሚያሳክም። አንዲት መበለትና አንድ ወኪል! ከተማው ለሁለት ሳምንት ሳቀባቸው። በትውውቁ ቀን ሰርኬ ወንድሟ ያስጠናትን ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረችና ልትቀመጥ ስትል፣ አንድ የራሷን ጨመረች፤ «የእጀባው ተራ በዕጣ ይውጣ» አለች። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ባየልኝ የሠራው ስህተት ግን ከዚህ በፊት የተሠራ ነው። የራሱን ወገን ለማብዛት ሦስት መቶ የቀን ሠራተኞችን የእኩል አራሽ ናቸው ብሎ ወረቀት አውጥቶላቸው የኅብረቱ አባል አድርጓቸዋል። ድምፅ የሚሰጠው በሰልፍ ነው፤ ብዙው አባል ፊደል ስለማይለይ ሰው ከመረጠው እጩ ኋላ ይሰለፋል፣ ይቆጠራል፣ ያልቃል። ባየልኝ አራት መቶ ሄክታር ያስዘራል እንጂ ማጭድ ይዞ አጭዶ አያውቅም። አጭዶ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር በገባው ነበር፤ አጫጅ የሚሰለፈው ከወኪሉ ኋላ ነው። ወኪሉ የቆመበት መስመር የእሱ መስመር ነው፣ ወኪሉ ከሌለ ደግሞ ሥራ የለም፣ ማጭዱን አስቀምጦ ይቀመጣል። ሐሙስ ዕለት አስመራጩ መምህር አበባው ሰልፉን ሲያለማምድ ሦስት መቶው ሰው ማንም ሳያዘው ሄዶ ከሽኩር ኋላ ተደረደረ። የባየልኝ ፊት አመድ መሰለ። ዓርብ ሽኩርን ጠርቶ ተው አለው። ሽኩር «አብሽሩ ጋሼ ባየልኝ፣ እኔ እኮ ኑ አላልኋቸውም» አለ፤ አልተውም ማለቱ ነበር። ማታ ደግሞ እህቱን ከውድድሩ ውጪ አላት። እሷ እንጀራዋን ቆርሳ ጎረሰች፣ ጥሩአየሁ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራች።

ሰርኬ ፊቷን ሳትታጠብ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በጓሮ በር ወጣች። የባጃጁ ልጅ አወቃትና «እትዬ ሰርኬ፣ ዛሬ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመለሱ በነፃ ነው የምወስድዎ፤ አሁን ግን እጥፍ ነው፣ ቤንዚን የለም» አለ። ቶሎ በል ብቻ አለችው። ለሽኩር ስልክ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። የሠራተኞቹ ካምፕ ከከተማው ዳር ነው፤ ራኩባ የሚባሉት ላስቲክና ሳር የለበሱ ዳሶች ከሩቅ ይታያሉ፤ በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ ተነስቶ ሱሪውን የሚያራግፍበት፣ ለምርጫው ንጹሕ ሸሚዝ የሚዋዋስበት ጊዜ ነው። የሽኩር ሚስት ሩፊዳ ከራኩባቸው በር ላይ ለባሏ ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ሩፊዳ እናቷ ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት ስለሆነች ዓረብኛና አማርኛ ትደባልቃለች። «ዋላሂ፣ አሁን ወጣ» አለች። «ባየልኝ መጋዘን ጋ ይፈልግሃል ብለው በሞተር ወሰዱት። ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ሰርኬ አልመለሰችላትም። ባጃጁ ገና አልዞረም ነበር።

መጋዘኑ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ከፊት ለፊቱ ለምርጫው ድንኳን ተተክሏል፣ ሦስት መስመር በኖራ ተሰምሯል፣ አንድ ሰው ማይክሮፎን እየነፋ «አንድ፣ ሁለት» ይላል። ድብደባው ከበስተኋላው ነበር። መጀመሪያ የሰማችው ጩኸት አይደለም፤ ጆንያ ላይ የሚያርፍ ዱላ የመሰለ፣ ደረቅና ተከታታይ ድምፅ ነው። ዞራ ስትደርስ ሦስት ሰዎች አየች። ሁለቱ የሽኩርን እጆች ረግጠዋል፣ ፈረደ የፌሮ ብረት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል። የሽኩር ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች መሆን ወደማይገባው በኩል ዞሯል። ሽኩር አይጮህም ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ራሱን ወዲያ ወዲህ ያንገላታል። ፌሮው ሲወርድ ሽኩር በሙሉ ኃይሉ ተገለበጠ፣ ብረቱ ግራ ጎኑ ላይ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር አረፈበት። ያን ጊዜ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

ሰርኬ ሮጣ ላዩ ላይ ወደቀች። ቀጣዩ ምት የእሷን ግራ ክንድ አገኘው፤ ክንዷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማችው እንጂ አላመማትም። በጥርሷ የአንደኛውን ሰው ባት ያዘች፤ ሰውየው ጮኸ፣ በጫማው አገጯን መታት፣ አፏ በደም ተሞላ። «እትዬ፣ ልቀቂ፣ እሱን አይደለም፣ አንቺን አይደለም!» ይላል ፈረደ፤ ማን ማንን እንደሚመታ ጠፍቶበታል። ፌሮውን ጥሎ ወደ ኋላ ሄደ። «እግሩን ነበር እኮ» አለ፣ ሰው የበደለው ይመስል። «እግሩን ነው የታዘዝሁት። እሱ ዞረ! አየሽ አይደል፣ ራሱ ነው የዞረው!» ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ሄዱ። ከድንኳኑ በኩል አሁንም «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ይባላል።

በባጃጁ ጭነው ባደረሱት ሆስፒታል ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ሆዱን በጣቷ ጫን ስትለው ሽኩር ዓይኑን ገለበጠ። ሆዱ እንደ ከበሮ ጠንክሮ ነበር። እግሩን ተዪው፣ እግሩ ቸግሮን አይደለም፣ ውስጡ እየደማ ነው አለች ሐኪሟ። ጣፊያው ሳይሆን አይቀርም፤ የሚከፍት ቀዶ ሐኪም እዚህ የለም፣ ደም የለም፣ ጎንደር መድረስ አለበት፣ ቶሎ ከደረሰ ይድናል። «ቶሎ ማለት ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሰርኬ። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች፣ «አሁን ሁለት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ላይ ካልሆነ እኔ ምንም አልልሽም» አለች። የአምቡላንሱ ሾፌር ያለ እጀባ ንቅንቅ አልልም አለ፤ ባለፈው ወር ጓደኛውን መንገድ ላይ አጥቷል፣ ማን ይፈርድበታል? ሩፊዳ ከካምፑ ደርሳ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ «ያ ረብ፣ ያ ረብ» ትላለች። ሽኩር ዓይኑን ገልጦ ሰርኬን ሲያያት «ልጆቹ ቁርስ በሉ?» ብሎ ጠየቃት። ልጆቹ የሚላቸው ሦስት መቶዎቹን አጫጆች ነው። ነርሱ ክንዷን በካርቶንና በፋሻ ሲያስርላት ያን ጊዜ ገና ሕመሙ መጣ፤ አለቀሰች፣ ግን ስለ ክንዷ አልነበረም።

ባየልኝ ሆስፒታሉ በር ላይ ፒክአፑን አቁሞ ይጠብቃት ነበር። መስኮቱ ተዘግቶ ማቀዝቀዣው ተከፍቷል፤ ውጭ ግለቱ ገና በጠዋቱ ጀምሯል። ግቢ አላትና ገባች። አገጯንና ክንዷን አየ፣ ፊቱን ወደ መሪው መለሰ። ቆይቶ፣ እግሩን ብቻ ነበር ያልሁት አለ። «ሰምቼሃለሁ» አለችው። ይህ ሰው ጀርባው ላይ አዝሏት ከአርማጭሆ ገጠር ሳንጃ ገበያ ድረስ የወሰዳት፣ አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ያሳደጋት ሰው ነው፤ ልትጠላው ብትፈልግ እንኳ ከየት እንደምትጀምር አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ጠላችው፤ እዚያው መኪናው ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣ።

«ስሚ» አለ። «መኪና አለኝ፣ ሾፌሬ ቢያድግልኝ ይነዳል። አራት ጠመንጃ ከፊት አስቀድማለሁ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጎንደር ናቸው። አንቺ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑን ይዘሽ ከውድድሩ ወጥቻለሁ ትያለሽ። ሽኩርን ያልታወቁ ሰዎች ናቸው የመቱት። ሌላ ቃል የለም። ያን ብለሽ አፍሽን ስትዘጊ መኪናው ይነሳል።»

«አሁን ይነሳ፤ እኔ እላለሁ።»

«አንቺን አውቅሻለሁ፤ ሦስት በይ ስትባዪ አራት የምትይ ነሽ።»

«ጋሼ፣ ሰው እየሞተ ነው።»

«እኮ፣ ቶሎ ጨርሺዋ።»

ልትወርድ በሩን ከፍታ ቆመች። «ጌጡን ከኋላ ያደረግኸው...» ብላ ጀመረች። አንድ ዓመት ሙሉ አፏ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። ባየልኝ እጁን ሰድዶ ማቀዝቀዣውን ከፍ አደረገው፤ ድምፁ ጨመረ። ሰርኬ በሩን ዘጋች።

አራት ሰዓት ላይ ሜዳው ሞልቶ ነበር። በቀኝ መስመር የአዛናው ሰዎች፣ በግራ የባየልኝ፣ ከመሐሉ ሦስተኛው መስመር ላይ ሦስት መቶዎቹ ሠራተኞች በተዋዋሱት ሸሚዝ ከባዶ ቦታ ኋላ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው ስድሳ ያህል ሴቶች ቆመዋል። ሽኩር የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ወሬው ደርሷቸዋል፣ ግን ያልታወቁ ሰዎች የሚለው ነው የደረሳቸው፤ ባየልኝ ራሱ ማይክሮፎን ይዞ በወኪላችሁ ላይ የደረሰው አሳዝኖናል፣ በራሴ መኪና ላሳክመው ነው ብሏቸዋል፣ አጨብጭበውለታል። ሁለት ፖሊሶች ከድንኳኑ ጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ሰርኬ የታሰረ ክንዷን ይዛ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣች። ጎንበስ ብላ ብዙ ቃል ሳትፈልግ «ከውድድሩ ወጥቻለሁ» አለች። «የቆማችሁልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወደፈለጋችሁት ሂዱ።» አስፋልቱን በዓይኗ ፈለገች። የጠባቂዎቹ ላንድክሩዘር ከፊት፣ ፒክአፑ ከኋላ ሆነው ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሲታጠፉ አየች፤ የሩፊዳ ቀይ ቶብ፣ የሱዳን መጎናጸፊያዋ፣ በመስኮቱ በኩል ለአፍታ ታየ። ተመስገን አለች፣ ከልቧ። ምርጫውንም፣ ዕጣውንም፣ ጌጡንም ሳይቀር በዚያ መኪና ላይ ጭና የላከች መሰላት፤ አልቆጫትም።

ቀጥሎ የሆነውን ባየልኝ በሕልሙም አላየውም። ሴቶቹ ወዲያው ወደ አዛናው ሰልፍ ሄዱ። መምህር አበባው በማይክሮፎኑ፣ በሦስተኛው ሰልፍ ያላችሁ አባላት ወደ አንዱ እጩ ተሻገሩ አለ። ሦስት መቶው ሰው ተያየ። አንዱ ሽማግሌ አጫጅ ነጠላውን አነጠፈና ተቀመጠ። ከጎኑ ያለው ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ሰው ልብሱን እንደሚያወልቅ ያህል ቀላል ሆኖ ሰልፉ በሙሉ ከፊት ወደ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ። የባየልኝ ሰዎች መጥተው ተነሱ አሏቸው፣ ለመኑ፣ ቆይተው በእግራቸው ገፈተሩ። «ወኪል የለም» ይላል ሽማግሌው፣ ልጅ እንደሚያስረዳ እየደጋገመ። «ወኪላችን ሲመጣ እንነሳለን።» አንዱ የባየልኝ ሰው ሽማግሌውን በጥፊ መታው። ከአዛናው ሰልፍ ድንጋይ ተወረወረ፣ አንድ ግንባር ተተረከከ፣ ዱላዎች ወጡ። ለሩብ ሰዓት ያህል በኖራ የተሰመረው መስመር አልታይ አለ፤ ሰው ሰውን በጆሮው ይዞ ይጎትታል፣ አንዲት ሴት በጫማዋ የወደቀ ሰው አፍ ትመታለች፣ ጠባቂዎቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ፣ ፖሊሶቹ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሠራተኞቹ በዚህ ሁሉ መካከል አልተነሱም። አንዳንዱ ጭንቅላቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀምጧል።

ጥይቱ ጋብ ሲል ተቆጠረ። አዛናው አራት መቶ አሥር፣ ባየልኝ ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት። የተቀመጠ አይቆጠርም። መምህሩ ውጤቱን ሲያነብ ሸሚዙ ላይ የማን እንደሆነ የማያውቀው ደም ነበር። ባየልኝ አንገቱን ነቀነቀ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሰርኬ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ስለነበረች እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«የት ደረሳችሁ? ነጋዴ ባሕር? በሉ ተመለሱ። አዎ፣ ጠባቂዎቹ ይመለሱ። እኔ ከእንግዲህ ፕሬዚዳንት አይደለሁም፤ በምን ሥልጣኔ ነው እጀባ የማዘው?»

ሰርኬ ሄዳ በደህናው እጇ ኮሌታውን ጨመደደችው። «ተስማምተናል! ወጣሁልህ እኮ፣ ወጣሁልህ!» በክርኑ ደረቷን ገፍቶ ጣላት፤ በተሰበረው ክንዷ ላይ ወደቀችና ዓለም ለአፍታ ጠፋባት። ከላይ ሆኖ አያት። «አንቺ ብቻ መውጣትሽ ምን ጠቀመኝ?» አለ። «ሰዎቹን ይዘሽብኝ ነው የወጣሽ።» እናም ትቷት ወደ መጋዘኑ ገባ።

ተነስታ ወደ አዛናው ሮጠች። አዛናውን ሰዎቹ ትከሻቸው ላይ አውጥተውት ነበር፤ እስኪያወርዱት እጇን እያውለበለበች ጮኸች። ወርዶ በትሕትና ሰማት። ፊቱ በእውነት አዘነ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «እህቴ ሰርኬ» አለ፣ «ልቤ ካንቺ ጋር ነው። ግን ጠባቂዎቹ እኔን አይሰሙም። ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ ርክክቡ ሰኞ ነው። ማኅተሙም ስልኩም እነሱ ጋ ነው። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ይሆናል፣ በእመቤቴ።»

«ሰውየው እየደማ ነው፣ ሰኞ አይደርስም!»

አዛናው የጠባቂዎቹን አለቃ አስጠራ፤ አለቃው መጣና እስከ ሰኞ አዛዤ ጋሼ ባየልኝ ናቸው አለ። ባየልኝ ደግሞ ተሸንፌያለሁ ብሎ ስልኩን ዘግቷል። እጀባው በሁለቱ መካከል የማንም ሳይሆን ቀረ። ሰርኬ ወደ ፖሊሶቹ ሄደች፤ መኪናቸው ነዳጅ የለውም። ወደ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሄደች፤ ሽኩርን ያውቀዋል፣ አዘነ፣ አልደፈረም። ለቢያድግልኝ ስትደውል ነጋዴ ባሕር ከተማ አጠገብ ቆሜያለሁ አለ። ጠባቂዎቹ ዞረው ሲሄዱ መሐል መንገድ ላይ ጥለውት ነው የሄዱት። ወደፊት ብሄድ ይይዙኛል፣ ወደኋላ ብመለስ ሰውየው ይሞታል አለ፣ የሚያለቅስ ይመስላል። «ንዳ!» አለችው። «ቢያድግልኝ፣ በልጆችህ፣ ወደፊት ንዳው!» ከስልኩ ውስጥ የሩፊዳ ድምፅ ይሰማል፤ እሷም ንዳው እያለች የመኪናውን ጣሪያ ትመታለች። ቢያድግልኝ የሚመጣ ሌላ መኪና ካለ አብሬው እሄዳለሁ አለ። ሰርኬ ስልኩን ይዛ ቆመች። ማንም መኪና አልመጣም። ማን ይመጣል?

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሩፊዳ ራሷ ደወለች። አላለቀሰችም። «ሰርኬ» አለች፣ «ኸላስ። አለቀ።»

ሜዳው ላይ ግለቱ በርትቷል። የአዛናው ሰዎች ፍየል አስመጥተው ዛፍ ሥር እያረዱ ነው፣ መምህር አበባው ቃለ ጉባኤውን ይጽፋል። ሦስት መቶዎቹ አሁንም ተቀምጠዋል፤ ውሃ የጠየቀ አልነበረም። ሰርኬ ወደ ማይክሮፎኑ ስትሄድ ሽማግሌው አጫጅ አንገቱን ቀና አደረገ። «እትዬ፣ ወኪላችን ደረሱ?» አለ። ሊናገር የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ከፊቷ አነበበው። ከኋላው ያሉት ከእሱ አነበቡት። ማጭድ የያዘ ሰው እዚያ አልነበረም፣ ለምርጫ ማጭድ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ግን ከመጋዘኑ ጎን የኅብረቱ አዲስ ማጭዶች ከነዶ ማሰሪያው ሲባጎ ጋር ተከምረው ነበር፣ ሁሉም ያያቸዋል። ሰርኬም አየቻቸው። ከመጋዘኑ በር ላይ ባየልኝ ብቅ ብሎ ቆሟል፤ ከጎኑ ፈረደ አለ። ወንድሟ ዓይን ለዓይን ገጠማትና ራሱን በትንሹ ወዘወዘ፤ ተይ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እህቴ እንዳላት ከሩቅ አወቀች።

«ማን ናቸው?» አለ ሽማግሌው። ሌላውም፣ ሌላውም፣ «ማን ናቸው?» አለ። «ያልታወቁ ሰዎች ናቸው ተብለናል።»

ሰርኬ ቀና ብላ ወደ ሁለቱ ፖሊሶች ዞረች፣ ስማቸውን ጠርታ እንዲሰሟት፣ እንዲጽፉ ነገረቻቸው። አንደኛው እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ደባበሰ።

«ያልታወቁ አይደሉም» አለች፤ ድምጿ በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ሞላው። «እኔ ሰርኬ ማዕረግ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ሲታዘዝ ሰምቻለሁ፣ ሲመታ አይቻለሁ፣ ከዚያ እዚህ ቆሜ ዝም ብያለሁ። ብረቱን ያነሳው ፈረደ ነው። ያዘዘው...»

የሚቀጥለው ስም ግማሹ የእሷም ነው።

«ባየልኝ ማዕረግ ነው» አለች።

ሦስት መቶው ሰው ከመሬት ተነሳ።